የማክሰኞው ሸሚዝ

ጠጠር ነው፣ ጠጠር ነው በይው፣ ያዘችህ በይው፣ ትላለች ክሪሳንቲ በስልኩ፣ እና ትስቃለች፣ የምሯን፣ ትንሿ ቢላዋ በእጇ እንዳለች፣ የሙጫው ፍርፋሪ ጉልበቷ ላይ እንደተበተነ፣ ደግሞስ ኢሲዶሮስ ሞተ ቢባል ማን ያምናል፣ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖራ ደህና አደርሽን እንኳ ያለ ውሸት ብሏት የማያውቅ ባል፣ ልቡን ሊታከም አቴንስ በሚሄድበት መርከብ ላይ ቆሞ፣ ካልተመለስኩ ዶሮዎቹን ለማሪጎ እንዳትሰጪ፣ እሷ ዶሮ መብላት እንጂ ማብላት አታውቅም ብሎ ወደብ ሙሉ ሰው እየሰማ የጮኸ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ልጃቸውን ሌሞኒያን አስገድዶ፣ አባዬ አረፈ በያት ብሏት ነው፣ ከጎኗ ቆሞ አፉን በመዳፉ አፍኖ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይታያታል።

ሌሞኒያ አትስቅም። እማዬ፣ ትላለች። እማዬ፣ ጠጠር አይደለም።

ከጠረጴዛው ማዶ የልጅ ልጇ ማርኬላ ቀና ትላለች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የሌሞኒያ ልጅ፣ የኢሲዶሮስ ጥላ። ልጅቷ ምንም አትጠይቅም። ክሪሳንቲ ይህንን ትይዛለች፣ ስለ ሁሉ ነገር የምትጠይቅ ልጅ ምንም አልጠየቀችም፣ ለምን።

የብርዱ ወራት በዚህ የደሴት መንደር የሚያልፈው እንዲህ ነው፣ በሙቀቱ ጊዜ ከማስቲካ ዛፎቹ ሥር ከተነሰነሰው ነጭ አፈር ላይ የተለቀመው ሙጫ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው አፈሩንና ጠጠሩን ከያንዳንዷ ፍሬ ላይ በቢላዋ ጫፍ ይፍቃሉ፣ የሴት ሥራ ነው፣ ወንድ አይቀመጥበትም፣ ኢሲዶሮስ ግን ማርኬላ ቢላዋ መያዝ ከቻለችበት ቀን ጀምሮ መጥቶ ይቀመጣል፣ ወንዶቹ በመስኮት እያዩ ኢሲዶሮስ፣ ቀሚስህስ የት አለ ይሉታል፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል ይላል፣ ከዚያም ያወራል፣ በወሬው ውስጥ አንድ ውሸት አለ፣ አንድ ብቻ፣ እሷን ጠጠር ይሏታል፣ ልጅቷ ፈልጋ ማውጣት አለባት። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው፣ ደሙ ሰማያዊ ነው፣ ሲናደድ ያፏጫል። ንብ አምስት ዓይን አላት። ጨረቃ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትሸሸናለች። ጠጠር! የጨረቃዋ ጠጠር ናት! ተሸነፍሽ፣ ይላል፣ ልጅቷ አኩርፋ ትወጣለች፣ አስተማሪዋን ትጠይቃለች፣ አላመነችም፣ መጽሐፍ ታገላብጣለች፣ አላመነችም፣ ሌላ መጽሐፍ፣ ሳምንት ሙሉ ስለ ጨረቃ ካልሆነ አፏን አትከፍትም። ስታሸንፍ ደግሞ ከተፋቀው ሙጫ መስታወት የመሰለችውን ፍሬ መርጦ አፏ ውስጥ ያደርግላታል፣ መጀመሪያ የምትመር፣ እየታኘከች የምትጣፍጥ ማስቲካ። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ስሞታ መጣ፣ ማርኬላ አስተማሪዋን፣ እርግጠኛ ነዎት? ትላቸዋለች፣ በየቀኑ። ኢሲዶሮስ ስሞታውን እንደ ሽልማት ነው የሰማው።

አስከሬኑ በመርከብ ይመጣል። ሳጥኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲከፈት ክሪሳንቲ የምታየው ዓይኑን አይደለም፣ እጁንም አይደለም፣ ከከንፈሩ ጥግ ያለችውን መስመር ነው፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል የምትሰበረውን፣ ቆማ ትጠብቃታለች፣ ሰው የምታለቅስ ይመስለዋል፣ እሷ እየጠበቀች ነው። መስመሯ የለችም። ያኔ ታምናለች።

ከዚያ ከሰው በስተኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ ግራጫ ካፖርት። ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ከዘራ የያዘች ሴት፣ መሐረቧን አፏ ላይ ጭና ትንሰቀሰቃለች። የመንደሩ ሰው አይደለችም። ዘመድ አይደለችም፣ ዘመድ ቢሆን ኖሮ መጥቶ ያጽናናል፣ ይቺ ግን ሳጥኑ ሲወጣ ግድግዳውን ይዛ ወጣች፣ አልቀረበችም፣ ስም አልተናገረችም። ሰው ለማያውቀው እንዲህ አያለቅስም። ማናት።

ማን እንደሆነች ማሪጎን አትጠይቅም፣ ማሪጎ ጎረቤት ናት፣ ማሪጎን መጠየቅ ደወል መደወል ነው።

በዘጠነኛው ቀን መታሰቢያ ሰዉ ብራንዲውን ጠጥቶ፣ ደረቅ ዳቦውን ቆርጥሞ ከሄደ በኋላ ማርኬላ ብርጭቆ እያደራረቀች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አያቴ፣ ትላለች። ምን። አባባ የነገረኝ ነገር አለ። ምን አለሽ። ለአያትሽ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጠጠር አቀብያታለሁ፣ አልያዘችኝም፣ ስታድጊ አንቺ ትይዢኛለሽ አለኝ። መቼ ነው ያለሽ። መርከብ ከመሳፈሩ በፊት። ምንድን ነው ጠጠሩ። አልነገረኝም፣ ከነገረኝማ ጨዋታ አይሆንም አለኝ።

ብርጭቆ አይሰበርም። ክሪሳንቲ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ዝግ ብላ፣ ወንበሩም እውነተኛ መሆኑን እንደምትፈትሽ።

አንድ። ከዚያ ሁሉ ውሸት መሐል አንድ፣ የቀሩት ለጨዋታ ነበሩ፣ ይቺ ግን የምር፣ የቷ ናት፣ ትቆፍራለች፣ ፒሬየስ ወደብ ላይ መርከብ ሲያራግፍ የኖረበት ዘመን፣ ስለሱ አውርቶ አያውቅም፣ የክንዱ ጠባሳ፣ በገመድ ነው ያለው፣ ገመድ እንዲያ ይቆርጣል? የሠራችውን የብርቱካን ልጣጭ ማርማላታ እወደዋለሁ እያለ ሁለት ማንኪያ በልቶ የሚተወው፣ ይሁን፣ እሱ ጠጠር አይባልም፣ እሱ ጨዋነት ነው። አይ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም፣ ክፉ አይደለም፣ ገና ሙሽራ ሳለች በከተማ የተከፈተው የማታ ትምህርት ቤት ቦታው ሞልቷል የተባለ ጊዜ፣ ሊያስመዘግባት የሄደው እሱ ነው፣ ባዶ እጁን ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ስታለቅስ አብሯት አለቀሰ፣ አቅፏት፣ ባል እንዲህ ለሚስቱ ትምህርት ሲያለቅስ በዚህ መንደር ታይቶ አይታወቅም፣ እንዲህ ያለቀሰ ሰው እንዴት

ማክሰኞ።

ማክሰኞ! ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማ ይሄዳል፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ፣ ማኅበሩ በየሳምንቱ ምን ይሰበሰባል፣ ሙጫ በየሳምንቱ ምን አዲስ ነገር ይሆናል፣ ደግሞ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሰማያዊውን፣ ራሷ የምትተኩሰውን፣ በገዛ እጇ፣ በሌላ ቀን አድርገው ብትለው ለማክሰኞ ይደር የሚለውን፣ ጥፍሩን በሎሚ አሽቶ የሙጫውን ጥቁረት አስለቅቆ፣ እና ከሙጫው ምርጥ ምርጡን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ለሊቀ መንበሩ ነው እያለ። ሊቀ መንበሩ ጥርስ እንኳ የለው። ምን ያኝክበታል። ይህን ሁሉ ዓመት ይህን አላሰበችም፣ እሷ፣ የመድኃኒት ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሳታነብ የማትውጥ፣ ዓሣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አቃንታ አድርቃ የምታነብ፣ ማሪጎ አንቺማ ሐኪሙንም ትጠረጥሪዋለሽ የምትላት ሴት፣ የገዛ ባሏን ሸሚዝ አልጠረጠረችም።

ግራጫ ካፖርት።

ማርኬላ፣ ትላለች። ያቺን ሴት አየሻት? የቷን? ከምሰሶው ጀርባ ያለችውን። አየኋት፣ ትላለች ልጅቷ፣ የአውቶቡሱን ሹፌር ጠይቄዋለሁ፣ ከተማ ከወደቡ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ጋ ነው የምትወርደው። ለምን ጠየቅሽው? ስለማላውቃት። ስሟስ? ስሟን እሱም አያውቅም። አያቴ፣ ታውቂያታለሽ? አላውቃትም። እርግጠኛ ነሽ?

ማን አስተማረሽ እንዲህ ማለት ልትላት ነበር፣ ተወችው፣ ማን እንዳስተማራት ታውቃለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ክሪሳንቲ በጥቁር ልብሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ስድብ ታዘጋጃለች፣ ልጅቷን ማምጣት አልነበረባትም፣ ግን ልጅቷ ብቻሽን አትሄጂም፣ አንቺ ትሳደቢና ሳትጠይቂ ትመለሻለሽ አለቻት፣ እውነቷን ነው፣ ትሳደባለች፣ አንቺ ያላፈርሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ፣ በከዘራ፣ የሰው ባል፣ እኔ የተኮስኩትን ሸሚዝ፣ ጥሩ ይተኮሳል ብሎ ነግሮሽ ነበር? አይ፣ ይህ ይቅር፣ ይህ ራስን ማዋረድ ነው፣ አጠር ይበል፣ አንድ ቃል፣ ግን አንዱ ቃል የትኛው ነው፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ያማትባል፣ ለባሏ እየጸለየች መስሎታል፣ ደግ ሰው።

በሩ አረንጓዴ ነው። ማርኬላ ታንኳኳለች። የከዘራ ድምፅ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ከዚያ ያቺው ናት፣ ያለ ካፖርቷ፣ ያለ መነጽሯ፣ ከጠበቀቻት በላይ አሮጊት፣ እንባ የሞላቸው ትንንሽ ዓይኖች፣ ስድቡ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ሳለ ሴትዮዋ፣ ክሪሳንቲ፣ ትላለች። ክሪሳንቲ ልጄ፣ መጣሽ።

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። በዚህ ድምፅ ነው ፊደል የቆጠረችው። እትዬ ኤቫንቲያ፣ የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ አባቷ ለሙጫው እፈልጋታለሁ ብሎ ሲያስቀራት ደጃቸው ድረስ መጥታ የለመነችላት፣ በኋላም ወደ ከተማ ስትዛወር፣ የማታ ትምህርት ተከፍቷል፣ ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ ብላ የላከችባት፣ ከዚያ ወዲያ ተያይተው አያውቁም፣ ክሪሳንቲ አፍራ፣ ቦታ ባለመኖሩ እንኳ አፍራ፣ ድሃ ሁሌ የሚያፍርበት አያጣም።

ትገባለች። ወንበር ይሰጣታል። መጽሐፍ፣ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ የሙጫ ፍሬዎች፣ መስታወት የመሰሉ፣ ታውቃቸዋለች፣ ከገዛ ጠረጴዛዋ ናቸው።

ማርኬላ አትቀመጥም። አባባ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ነበር የሚመጣው? ትላለች። እዚህ። ምን ሊያደርግ? እትዬ ኤቫንቲያ ክሪሳንቲን ታያለች፣ ክሪሳንቲ ግድግዳውን። ላንቺ የሚያወራሽን ሊማር፣ ትላለች አሮጊቷ። ኦክቶፐሱን፣ ንቧን፣ ጨረቃዋን። መጽሐፍ አነብለታለሁ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ ከዚያ ውሸቷን አብረን እንፈጥራለን፣ የሚያፏጨው የእኔ ነው። ትንሽ ትስቃለች፣ ሳቋን ትውጠዋለች። በቀብሩ ላይ ልጠጋሽ ፈልጌ ፈራሁ፣ ክሪሳንቲ። ለምን ይፈሩኛል? የማውቀውን ስለማውቅ።

ምንድን ነው የሚያውቁት፣ ይላል የክሪሳንቲ አፍ። ሆዷ ግን አውቆታል፣ ሆዷ በሩ ሲከፈት አውቆታል፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ የያዘ ሰው ቦታው እንዴት ይሞላበታል፣ እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበችውም፣ ይህን ሁሉ ዘመን፣ ይህን ሁሉ የተቃና ጋዜጣ

ቦታው አልሞላም ነበር ልጄ። ያን ቀን መጣ፣ ከደጃፉ ደረሰ፣ ወጣቶቹ መጽሐፍ ታቅፈው እየሳቁ ሲወጡ አያቸው፣ የራሱን የጠቆረ ጥፍር አየ፣ ከዚህ በር የወጣች ሴት ዞራ አታየኝም አለ በልቡ፣ ተመለሰ። ለእኔ ሐሳቧን ቀይራለች አለኝ። ላንቺ ሞልቷል። ይህን የነገረኝ ገና በቅርብ ዓመታት ነው፣ ማርኬላ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ አንቺ በተቀመጥሽበት ወንበር ላይ፣ እንደ ሕፃን አልቅሶ። ንገራት አልኩት። አልችልም አለ። ልጅቷ ሁሉን መያዝ ስትችል እሷ ትይዘኛለች አለ።

አብሯት አለቀሰ። ደጃፉ ላይ። አቅፏት።

ያ እንባ ምንድን ነበር? እንባው የማን ነበር? ክሪሳንቲ ስሟ ሲጠራ ትሰማለች፣ ውኃ ይቀርብላታል፣ አትጠጣም፣ በዚህ ቤት ውኃ እንኳ በእሱ እጅ የተቀዳ ይመስላታል፣ ብድግ ትላለች፣ ሌላ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፣ ብላ ታስባለች፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ሌላ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፣ ሴት ትሰደባለች፣ ይህ ምን ተብሎ ይሰደባል፣ የተወሰደባት እኮ ባል አይደለም፣ የተወሰደባት ያ ሁሉ የመጽሐፍ ግድግዳ ነው። ደግሞ ፈሪ፣ ራሱ መናገር አቅቶት ልጅ አሳድጎ፣ አስልቶ፣ ሞቶ፣ ከሞተ በኋላ በልጅ አፍ። ወይስ ልጅቷን የወደዳት ለዚህ ብቻ ነበር? ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ጨረቃ፣ ለገዛ ነፍሱ የሚከፍለው ነበር? እንግዲህ ምኑ ይታመናል።

የመልስ አውቶቡስ። ባሕሩ በቀኝ በኩል ነው፣ ማርኬላ በመስኮቱ በኩል ናት፣ ጉልበቷ ላይ እትዬ ኤቫንቲያ የሰጠቻት መጽሐፍ አለ፣ አልገለጠችውም፣ ይቺ ልጅ መጽሐፍ ይዛ ሳትገልጥ።

አያቴ። ምን። እኔን ያስተማረኝ አንቺን ስለበደለ ነው?

ይኸው መጣ። አይደለም ልትላት ትችላለች፣ በፍጥነት፣ አይደለም የኔ እናት፣ ስለሚወድሽ ነው፣ ልጅቷም ድምፁን ትሰማዋለች፣ ስንጥቁን ትሰማዋለች፣ ለዚህ ነው ያሳደጋት። አዎ ብትላት፣ መጽሐፉ ሳይገለጥ ቤት ይደርሳል፣ ነገም አይገለጥም፣ ከዚህ አውቶቡስ ላይ የምትወርደው ሌላ ልጅ ናት፣ ዝም ብላ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ሙጫ የምትፍቅ፣ እንደ አያቷ። ኢሲዶሮስ፣ እዚህ አምጥተህ ጣልከኝ፣ አንተን ላድን ብዬ ልዋሽ ነው? አንተን? ይህንንም አስበህበት ነበር?

ምን ታውቃለች። በእርግጥ፣ ከማንም ሳትሰማ፣ በዓይኗ ያየችው ምን አላት።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትላለች። ሳንጠይቀው አመለጠን። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ምን? እናንተ ስታወሩ እኔ ከማጀቱ በር ኋላ ቆሜ አየው ነበር፣ ጠርጥሬ፣ ይህ ሰውዬ የደበቀው ነገር አለ ብዬ። አንቺ ስትሸነፊ አይስቅም ነበር። ስትይዢው ነበር ፊቱ የሚበራው፣ ጆሮው ድረስ ይቀላ ነበር፣ ደግሞ አንቺን ብቻ ነበር የሚያየው፣ እኔ በሩ ጋ መኖሬን አያውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ልጅቷ ታያታለች፣ አውቶቡሱ ሁለት ኩርባ እስኪዞር ድረስ ታያታለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ክሪሳንቲም ዓይኗን አትሰብርም፣ ፈልጊ፣ ትላለች በልቧ፣ ፈልጊ፣ ምንም ጠጠር የለበትም።

ከዚያ ማርኬላ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። የማታው ትምህርት ቤት አሁንም አለ? ትላለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ልሸከም? አላልኩም፣ አለ ወይ ነው ያልኩት። አላውቅም። እጠይቃለሁ። መጽሐፉ ይገለጣል፣ ከመሐል፣ እንደ ልማዷ።

አርባው ይደርሳል። የመታሰቢያው ስንዴ ይቀቀላል፣ ይንጠፈጠፋል፣ በጨርቅ ላይ ያድራል፣ ስኳር፣ ለውዝ፣ የሮማን ፍሬ፣ ሌሞኒያ ከላዩ በለውዝ መስቀል ትሠራለች፣ ማሪጎ ጎንበስ ብላ፣ ስኳሩ አነሰ፣ ኢሲዶሮስ ጣፋጭ ይወድ ነበር ትላለች፣ ባሌን እኔ አውቀዋለሁ ልትላት አፏን ከፍታ ክሪሳንቲ ትዘጋዋለች። ታውቀዋለች?

ሰማያዊው ሸሚዝ አብሮት አልተቀበረም፣ ሰቅላዋለች፣ ልትቀደው ነበር፣ አልቀደደችውም፣ አልታቀፈችውምም፣ በሌሊት ልብሷ ጎን ተንጠልጥሏል።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ቄሱ የስንዴውን ትሪ ባርከው፣ ስሙን ጠርተው፣ ዝክሩ ለዘለዓለም ይሁን ብለው ያዜማሉ፣ ሰዉ ይቀበላል፣ ማሪጎ ትቀበላለች፣ ሌሞኒያ እያለቀሰች፣ ከኋላ በከዘራ ተደግፋ እትዬ ኤቫንቲያ፣ ዛሬ ከምሰሶው ወዲህ ናት፣ እና የክሪሳንቲ ተራ ነው፣ የመበለቲቱ፣ ሁሉም የሷን ድምፅ ይጠብቃል፣ አፏ አይከፈትም። ክፉ ሆና አይደለም። ከልቧ ልትለው ትፈልጋለች፣ ከልቧ ትፈልገዋለች፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን ገና ያ ደጃፍ አለ፣ እሱ ቆሞበት፣ እያቀፋት፣ እያለቀሰ፣ ይህን ቃል በአፏ ብቻ ብትለው ከጎኗ የቆመችው ማርኬላ ትሰማዋለች፣ ማርኬላ እጇን ይዛለች፣ አትጎትታትም፣ በይ አትላትም፣ ትጠብቃለች።

ምናልባት ቃሉ ለፋሲካ ይመጣላት ይሆናል። ምናልባት አበባው ሲፈካ። አንድ ቀን፣ ሳታስበው፣ ሸሚዝ ስትተኩስ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰውዬው እዚያ በዳኛው ፊት ቆሞ ሊጠብቅ ነው፣ ብቻውን፣ ጥፍሩን እየደበቀ፣ እና እንደምታውቀው ፈሪ ነው። ስለዚህ እናንተ፣ ያላታለላችሁ፣ ምንም ያልወሰደባችሁ፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለእናንተ ቃሉ አይከብድም፣ ስሙ ኢሲዶሮስ ነው፣ የማርኬላ አያት፣ ነፍስ ይማር በሉለት፣ ክሪሳንቲ እስክትደርስ።